«ዎክ»፦ መንቃት መቼ ነው ስድብ የሆነው?

የፋሲካ ሰሞን ነው። ቨርጂኒያ፣ አክስቴ ቤት፣ ቡና ላይ ነን። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ የሚሰማው ሰው ያለ አይመስልም። አንድ ፖለቲከኛ «ዎክ» የምትል ቃል ሦስት አራት ጊዜ ደጋገመ። አክስቴ ጀበናውን እንደያዘች ዞር አለች።

«እኔ የምለው፣ እነዚህ ሰዎች ወክ ማድረግ ምን አደረጋቸው? ሐኪሜ እንኳ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ወክ አድርጊ ብሎኛል።»

ሳቃችን ቤቱን ሞላው። ሳቁ በረድ ሲል ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። እንጀራዬ ትርጉም ነዋ።

«ይኼኛው የእግር ጉዞው አይደለም እትዬ። ‹ዎክ› ነው። የነቃ ማለት ነው።»

«ከእንቅልፉ?»

«አዎ… ግን ስድብ ነው።»

«መንቃት መቼ ነው ስድብ የሆነው?»

መልስ አልነበረኝም። ስኒዬን አነሣሁና ዝም አልኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤቴ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ይቺን ቃል ሳሳድድ ነው የከረምኩት። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ሰዋስዉን ቶሎ እንገላገለው። ትምህርት ቤት በተማርነው እንግሊዝኛ «ዎክ» ያለፈ ጊዜ ግሥ ነው፤ «ነቃ» እንደማለት። «አልተኛሁም፣ ንቁ ነኝ» ለማለት ደግሞ «አዌክ» የሚባል ሌላ ቃል አለ። የጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛ ይህን ሁለተኛውን ወዲያ ብሎ «ዎክ»ን ራሱን ቅጽል አደረገው። «አይ አም ዎክ» ይላል፤ ነቅቻለሁ፣ ዓይኔ ተገልጧል። «ስቴይ ዎክ» ሲል ደግሞ ነቅተህ ቆይ፣ እንዳትዘናጋ ማለቱ ነው። ለውጭ ሰው ስሕተት ይመስላል። ስሕተት አይደለም፤ የራሱ ሕግ ያለው አነጋገር ነው። እኛስ ከአንዲቱ «ነቃ» ውስጥ «ንቁ»፣ «ነቃ ያለ»፣ «ነቄ» እያልን ስንት ቃል አውጥተን የለ?

ነቄን ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

የመንቃት ጥሪ አሜሪካ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ታሪኩን ከ1860 ይጀምሩታል። ያኔ የአብርሃም ሊንከን ደጋፊ ወጣቶች ካባ ደርበው፣ ችቦ ይዘው በሌሊት ሰልፍ ይወጡ ነበር። ስማቸው «በደንብ የነቁት» እንደማለት ነው፤ ምልክታቸውም የተገለጠ ዓይን ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ከዛሬው ቃል ጋር የሚያገናኘው ክር ለኔ አልታየኝም። የቃሉ እናት ሌላ ቤት ነው ያለችው።

ወደዚያ ቤት ስንሄድ ደጁ ላይ የምናገኘው የራሳችንን ስም ነው። ማርከስ ጋርቬይ ለጥቁሮች አንድነት የታገለ ጃማይካዊ ነው። የጥቁሮች ማኅበሩን በ1914 እዚያው ጃማይካ መሠረተ፤ ከዚያ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ገባ። በ1923 በታተመው የሐሳቦቹ ስብስብ ውስጥ «ኢትዮጵያ ሆይ ንቂ! አፍሪካ ሆይ ንቂ!» የሚል ጥሪ አለ። ኢትዮጵያ ሲል አገራችንን ብቻ ማለቱ አይደለም። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙር ቃል ይዘው ያደጉ ጥቁር ክርስቲያኖች የጥቁርን ዘር ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። የጋርቬይ ማኅበር መዝሙር እንኳ የሚጀምረው ኢትዮጵያን «የአባቶቻችን ምድር» ብሎ በመጥራት ነው። (ይኸው ሰው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጃንሆይን ክፉኛ ወርፏቸዋል። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ጋርቬይ ጋ ግን ቃሉ ገና ትእዛዝ ነው። ተኝተሃል፣ ተነሥ ነው የሚለው። «ስቴይ ዎክ» የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ነቅተሃል፣ እንግዲህ መልሰህ እንዳትተኛ። ለምን እንደማይተኛ ለማወቅ አንድ ባቡር ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

ማርች 25 ቀን 1931። የዕቃ ባቡር ከቴነሲ ተነሥቶ አላባማን እያቋረጠ ነው። ዘመኑ ሥራ የጠፋበት ነው። ነጩም ጥቁሩም ያለ ትኬት ፉርጎ ላይ ተንጠልጥሎ ከከተማ ከተማ ሥራ ፍለጋ ይዞራል። ባቡሩ ላይ ነጭና ጥቁር ወጣቶች ተጣሉ። ነጮቹ ተሸንፈው ወረዱ፤ ወርደውም ከሰሱ። ፔይንት ሮክ የምትባል ጣቢያ ላይ መሣሪያ የያዘ ሕዝብ ባቡሩን አስቁሞ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶችን አወረደ። ከመሃላቸው ሃያ ዓመት የሞላው የለም። እዚያው ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶች ነበሩ። «ደፈሩን» አሉ።

ሁለት ሳምንት ነው የፈጀው። ስኮትስቦሮ በምትባል ከተማ፣ ነጮች ብቻ በተሰየሙበት ጁሪ (ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም ብለው በሚወስኑ ተራ ዜጎች) ፊት፣ ከዘጠኙ ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። ከከሳሾቹ አንዷ በ1933 ፍርድ ቤት ቀርባ የቀድሞ ቃሏን ካደች፤ ማንም አልነካንም አለች። ጁሪው ይህንን ሰምቶም ጥፋተኛ ነው አለ። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የ1932ቱ ውሳኔ ተከሳሽ ጠበቃ ስለማግኘቱ፣ የ1935ቱ ደግሞ ጥቁሮችን ከጁሪ ስለማግለል ነው፤ የሕግ ተማሪዎች ሁለቱንም ዛሬም ያጠኗቸዋል። የሞት ፍርዱ አልተፈጸመም። እስሩ ግን የልጅነት ዕድሜያቸውን በላው። አላባማ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች ይቅርታ የሰጠችው በ2013 ነው። ሦስቱም ከሞቱ ዘመን አልፏቸዋል።

በ1938 ሌድ ቤሊ የተባለው ሙዚቀኛ ስለነዚህ ልጆች የሚያወራ ዘፈን አስቀረጸ። ከዘፈኑ ጋር አንድ ንግግር አለ። በዚያ አገር ስታልፉ ጠንቀቅ በሉ፣ ነቅታችሁ ቆዩ፣ ዓይናችሁን ግለጡ ይላል። «ስቴይ ዎክ» በዚህ መንገድ በድምፅ ተቀርጾ ከሚገኝባቸው ጥንታዊ ቅጂዎች አንዱ ይህ ነው።

ምክሩን አስተውሉት። ርዕዮተ ዓለም የለበትም። ስብሰባ ግቡ፣ መጽሐፍ አንብቡ አይልም። በዚያ ሰፈር በምሽት ስታልፊ ቦርሳሽን አጥብቀሽ ያዢ እንደሚባለው ያለ የመንገድ ምክር ነው። ብቻ እዚህ የሚሄደው ቦርሳ ሳይሆን ነፍስ ነው።

አሁን ነቄን መልሱልኝ።

መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰውዬ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ቆሟል። ሁለት ልጆች ቀርበው ሰዓት ይጠይቁታል። ሦስተኛው በጀርባው በኩል ጠጋ ይላል። እዚያው ጥግ ላይ ያለው ሊስትሮ ከሚጠርገው ጫማ ላይ ቀና ሳይል «ነቄ በል ፋዘር» ይላል። በቃ። ሰውዬው ሻንጣውን አነሣ፤ ሦስቱም ልጆች ሰዓት አያስፈልጋቸውም።

«ስቴይ ዎክ» በሌድ ቤሊ አፍ ይቺ ነች። ነቄ ውስጥ አደጋ አለ። አደጋውን ያቀደ ሰው አለ። ቀድሞ ያወቀና ለወገኑ በዝግታ ሹክ የሚል ሌላ ሰውም አለ። «ነቄ ነኝ» የሚል ልጅ የተማርኩ ነኝ አላለም፤ አልሸወድም ነው ያለው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ከአንድ ሥር አንድ ዓይነት ቃል ማብቀላቸው እስካሁን ይገርመኛል። ግን የሚጠበቅም ነው። ከላዩ የሚጫነውና ከጎኑ የሚያጭበረብረው የበዛበት ሰው፣ ብልህነትን ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ቢያገናኘው ምን ይደንቃል?

እንዲህ ያሉ ቃላት ሌላም የሚጋሩት ነገር አላቸው። ከሰፈራቸው ሲወጡ ይታመማሉ። ይህንን ቀድሞ የጻፈው ሰው ዊሊያም ሜልቪን ኬሊ ይባላል። ሜይ 20 ቀን 1962 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ርዕሱን ወደኛ ሳመጣው «ነቄ ከሆንክ ትገባሃለች» ይሆናል። የጻፈው ጥቁሮች እርስ በርስ የሚግባቡባቸውን ቃላት ነጮች፣ በተለይም በዚያ ዘመን ቢትኒክ የሚባሉት ወጣቶች፣ እየወሰዱ ስለመሆናቸው ነው። ቃሉ ከቤቱ ሲወጣ ትርጉሙ ይዛባል፤ የቤቱ ሰዎችም ትተውት ሌላ ይፈጥራሉ። ይህ እኛም ጋ አለ። የአራዳ ቃል በቢራ ማስታወቂያ ላይ የተሰማ ዕለት ቀብሩ ነው። ልጆቹ በነጋታው አይናገሩትም።

የኬሊ ርዕስ በራሱ በ«ዎክ» ላይ የሚሆነውን ቀድሞ የነገረ ይመስላል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ይህን የ«ዎክ» ትርጉም ያስገባው በጁን 2017 ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ አድርጎ የጠቀሰውም ይህንኑ ጽሑፍ ነው። ኬሊ የሞተው በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ነው።

መሃል ላይ ያሉትን ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፋቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1965 ኦበርሊን ኮሌጅ ለተመራቂዎች፣ በ1968 ደግሞ ከመገደሉ አራት ቀን ቀደም ብሎ ዋሺንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ውስጥ፣ በታላቅ ለውጥ ዘመን ነቅቶ ስለመቆየት ተናግሯል። ሃያ ዓመት ተኝቶ አብዮቱ ስላመለጠው ሰው የሚነገረውን ተረት ነበር ያነሣው። ኪንግ ግን «ዎክ» አላለም። የመድረክ እንግሊዝኛ ነው የተናገረው፤ «አዌክ» አለ። «ዎክ» የቤት ልብስ ነበረች፤ ለካቴድራል አትለበስም። በ1972 ስለ ጋርቬይ በተጻፈ አንድ ቲያትር ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ዕድሜ ልኬን ተኝቼ ነበር፣ ጋርቬይ ቀሰቀሰኝ፣ ከእንግዲህ ነቅቼ እቆያለሁ፣ ሌላውንም እቀሰቅሳለሁ ይላል። ትእዛዙና ምክሩ እዚህ ላይ ተጋቡ። በ2008 ዘፋኟ ኤሪካ ባዱ ሐረጓን በዜማ ስትደጋግማት አዲሱ ትውልድ ሰማት።

ከዚያ ስልክ መጣ።

ፌብሩዋሪ 2012 ላይ ትሬቮን ማርቲን የተባለ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ የሰፈር ጠባቂ ተገደለ። ገዳዩ በ2013 በነፃ ተለቀቀ፤ የጥቁር ሕይወት ዋጋ አለው የሚለው ሃሽታግ የተወለደውም ያኔ ነው። ኦገስት 9 ቀን 2014 ሚዙሪ ግዛት ፈርጉሰን ውስጥ ፖሊስ ማይክል ብራውንን ተኩሶ ገደለው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ ለአራት ሰዓት ያህል አስፋልት ላይ ቆየ። ከተማዋ ተነሣች። «ስቴይ ዎክ» ትዊተር ላይ ሰልፈኛው ሰልፈኛውን የሚያስጠነቅቅባት ቃል ሆነች። የሌድ ቤሊ ምክር ሳይበረዝ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው በነዚያ ወራት ይመስለኛል።

ሃሽታግ በር የለውም። ማንም ይገባበታል። ቃሏ ስለ ፖሊስ ብቻ መሆኗ ቀረና ስለ ሴቶች፣ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ፆታ፣ ስለ አየር ንብረትም ሆነች። የተናጋሪዋም መልክ ተለወጠ። ለነፍሱ የሚፈራው ብቻ ሳይሆን ደግ መሆኑ እንዲታወቅለት የሚፈልገውም «ዎክ ነኝ» ማለት ጀመረ። በአፕሪል 2017 ፔፕሲ አንድ ማስታወቂያ ለቀቀ። አንዲት ዝነኛ ሞዴል ከሰልፍ መሃል ወጥታ ለተደረደሩት ፖሊሶች ቆርቆሮ ፔፕሲ ታቀብላለች። ፖሊሱ ይጠጣል፣ ሰልፈኛው ይፈነድቃል፣ ችግሩ ያልቃል። ሕዝቡ ጉድ አለ። ማስታወቂያው በማግስቱ ተነሣ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ኬሊ ቢያየው አይገርመውም ነበር።

መሳለቁን የጀመሩት ተቃዋሚዎቹ ብቻ አለመሆናቸውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ራሳቸው የቤቱ ሰዎችም ፌዙን ያውቁት ነበር። ባራክ ኦባማ በኦክቶበር 2019 ቺካጎ ላይ ለወጣቶች ሲናገሩ፣ እኔ ንጹሕ ነኝ፣ በፖለቲካ ሁሌም «ዎክ» ነኝ የሚለውን ስሜት ቶሎ ተዉት ብለው መክረዋል። ዓለም የተወሳሰበ ነው፤ ሰውን በትዊተር መውገር ለውጥ አያመጣም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ቅሬታውም ባዶ አይደለም። አንድ ቃል ስቶ በመናገሩ ሥራውን ያጣ ሰው አለ። ካልተግባባኸኝ ክፉ ነህ የሚል ወጣትም አለ፤ እኔም ተገናኝቻቸዋለሁ። ሰው በዳኝነታቸው ቢሰለች አልፈርድበትም።

በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሞተ። አገሩ ሁሉ መንገድ ወጣ፤ ኩባንያውም ትምህርት ቤቱም መግለጫ አወጣ። የመልስ ምቱ ተከተለ። በዚህ ጊዜ ነው ቃሏ ሙሉ በሙሉ እጅ የለወጠችው። የፍሎሪዳው አገረ ገዥ ሮን ዴሳንቲስ በአፕሪል 2022 አንድ ሕግ ፈረሙ። «ልጆቻችንና ሠራተኞቻችን ላይ የሚደርስ በደል ይቁም» የሚል ስም ሰጡት፤ የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ዎክ ይቁም» እንዲሉ ተደርገው የተቀመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ የፊደል ጨዋታ የሚሠራ ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል መሰለኝ። ሕጉ ሰው በዘሩ ምክንያት ቀድሞ ለተሠራ በደል ጥፋተኛ ነው ወይም ሊጸጸት ይገባዋል የሚል ትምህርትና የሥራ ቦታ ሥልጠናን ለመገደብ የወጣ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተውን ክፍል የፌዴራል ዳኛ በዚያው ዓመት አገደው፤ መሥሪያ ቤቶችን የሚመለከተው ክፍል መታገዱንም የይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2024 አጽንቶታል። ዴሳንቲስ ግን በኖቬምበር 2022 ምርጫውን ባሸነፉበት ሌሊት፣ ፍሎሪዳ «ዎክ» ልትሞት የምትመጣባት ምድር ናት ብለው ፎከሩ።

ሌድ ቤሊ ነቅታችሁ እለፉ ካለበት ከአላባማ ድንበር ተሻግሮ ያለው ግዛት ፍሎሪዳ ነው።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥሩ ነገር ሆነ። ዴሳንቲስ አንድ የተመረጠ አቃቤ ሕግን ከሥራ አግደውት ነበርና ሰውየው ከሰሳቸው። በችሎቱ ላይ የአገረ ገዥው የሕግ አማካሪ፣ ለመሆኑ «ዎክ» ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ ተጠየቀ። የመለሰው፣ በአሜሪካ ኅብረተሰብ ውስጥ ሥር የሰደደ ኢፍትሐዊነት አለ፣ መስተካከልም አለበት የሚል እምነት ነው ብሎ ነው። አገረ ገዥው ይህን እንደማያምኑም አክሏል። መልሱን ሳነበው ደግሜ አነበብኩት። የፈርጉሰን ሰልፈኛ ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ አይመልስም። ስድቡን ገልጠው ሲያዩት ውስጡ ያው የጥንቱ ቃል ተቀምጧል።

ሕዝቡስ? በማርች 2023 ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ ኢፕሶስ ከተባለው የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ኩባንያ ጋር ሆኖ አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር። 56 በመቶዎቹ ቃሉ ስለ ማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት ማወቅና መረዳት ማለት ነው አሉ። 39 በመቶዎቹ ደግሞ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄና የሰውን አነጋገር መቆጣጠር ነው አሉ። አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ቃል። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ዶናልድ ትራምፕ አዮዋ ውስጥ፣ ቃሉን አልወደውም፣ ከሚናገሩት ሰዎች ግማሾቹ ትርጉሙን አያውቁትም አሉ። ብዙ ጊዜ ከሳቸው ጋር አልስማማም፤ በዚህኛው ግን ትክክል ናቸው። ትክክል መሆናቸው ግን ከመጠቀም አላገዳቸውም። በማርች 2025 ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር አገራችን ከእንግዲህ «ዎክ» አትሆንም አሉ። በጁላይ ደግሞ መንግሥት የሚገዛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት «ዎክ» እንዳይሆን የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ቃሏ ከዕቃ ባቡር ተነሥታ ኮምፒውተር ውስጥ ገባች።

ባሕርም ተሻግራለች። ፈረንሳዮች «ዎኪዝም» ብለው ርዕዮተ ዓለም አደረጓትና ከአሜሪካ የመጣች በሽታ አሏት። እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ሚኒስትር በ2022 ምክር ቤት ቆመው፣ ለመንገድ መዝጋቱ ተጠያቂዎቹ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ምግብ) የሚበሉ «ዎክ»ዎች ናቸው ያሉበት ቀን አለ። ቶፉው ምን አጠፋ አትበሉኝ።

ወደኛ ስትመጣስ? እዚህ ላይ የሙያ ጭንቀቴን ልንገራችሁ። እኔ እስከማየው ድረስ አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ቃሉን የሚያገኘው በመጨረሻው መልኩ ነው፤ በስድቡ። ያውም ከስድቡ ውስጥ አንዱ ቁራጭ ብቻ ነው የሚደርሰው። «ዎክ» ሲባል ብዙ ሰው የተመሳሳይ ፆታ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ስለ ባቡሩና ስለ ዘጠኙ ልጆች የነገረው የለም። ትርጉም ላይ ተቀምጬ ቃሏ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ተናገራት የሚለውን ነው። የ1938ቱ ሙዚቀኛ ከሆነ ነቄ እላለሁ። የ2014 ሰልፈኛ ከሆነ ነቄ አትበቃም። ሰልፈኛው የሚያወራው ስለ ሕግና ስለ ሥርዓት ነው፤ «ንቃተ ህሊና» ወደሚለው መጠጋት ይኖርብኛል። ያቺ ቃል ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። በ1966 ዓ.ም. የፈነዳውን አብዮት ያየ አንባቢ ንቃት ሲባል ጆሮው ላይ የሚያቃጭለው «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» ነው። ሦስተኛዋ ቃል የት እንዳደረሰችን አይረሳውም።

የ2022 ፖለቲከኛ ከሆነስ? ለረጅም ጊዜ ቃል አጣሁለት። «የነቁ» ብል ሙገሳ ይሆናል፤ ሰውየው እየሰደበ እኔ አመስግኜ ላልፍ ነው። በመጨረሻ «ነቃን ባዮች» አልኩ። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይመቻል። «ባይ» የምትባል ትንሽ ቃል ከኋላ ስትቀጠል ያልነበረ ፌዝ ትፈጥራለች። አዋቂ ነኝ ባይ፣ ጨዋ ነኝ ባይ፣ ነቃን ባይ።

እንዲህ ያለ መገለባበጥ ለኛ እንግዳ አይደለም። ካድሬ ማለት አንድ ሰሞን የሚፈራና የሚከበር ማዕረግ ነበር፤ ዛሬ ካድሬ ነህ ብትለው የሚስቅልህ የለም። አክቲቪስት የሚለውም ከፌስቡክ ጋር ሞቅ ብሎ መጥቶ ነበር። አሁን ስንቱ ነው ራሱን በዚያ ስም የሚያስተዋውቅ? አራዳ ግን በተቃራኒው ተርፋለች። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረ የገበያ ሰፈር ስም ነበረች፤ የብልጥ ሰው ስም ሆነች፤ እንደተወደደች አለች። ልዩነቱ ምን ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ምናልባት አራዳን ለምርጫ ቅስቀሳ የፈለጋት ሰው ባለመኖሩ ይሆናል።

ያገኘሁትን ለአክስቴ ለመንገር በሳምንቱ ሄድኩ። እሁድ ማታ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ስለ ባቡሩ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ሞት የተፈረደባቸው ጋ ስደርስ «እመ ብርሃን!» አለች። ይህን ጊዜ ታናሹ ልጇ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከረ ከፎቅ ወረደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደው። ወሬዬን አቋረጠችኝ።

«ነቃ ብለህ ንዳ። ፖሊስ ካስቆመህ እጅህ መሪው ላይ ይሁን። ኪስህ እንዳትገባ። ስልክህንም እንዳትነካ።»

«እሺ እማ፣ ስንቴ ነው የምትነግሪኝ?»

በሩ ተዘጋ። መኪናው እስኪወጣ በመስኮት አየችውና ተመልሳ ተቀመጠች። በረካውን ቀዳችልኝ።

«እና ምን እያልከኝ ነበር?»